ጠበቀ፣ ጠገነ፣ ተካ

ባንክ ቤት ወረፋ ይዞ «ሲስተም የለም» ያልተባለ የከተማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሐረጉ ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ግን አማርኛ ስለ ተቋረጠ አገልግሎት ከሚናገራቸው ሌሎች ነገሮች ሁሉ ይለያል። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ውሃም ይሄዳል፣ ይመጣል። ኔትወርክ ይጠፋል፣ ይጨናነቃል፣ ይቆራረጣል። ሲስተም ግን የለም። ሄደ እንዳይባል የሚመጣበት ሰዓት ይጠየቃል፤ ተበላሸ እንዳይባል የሚሠራው ሰው ይጠየቃል። «የለም» ከተባለ በኋላ ግን የሚጠየቅ ነገር አይቀርም፤ ወረፋ የያዘው ሰው ደብተሩን አጥፎ ነገ ለመመለስ ይነሳል።

ከሐረጉ ጀርባ ያለው ብልሽት ብዙ ዓይነት ነው። ቅርንጫፉን ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር የሚያገናኘው የፋይበር መስመር በመንገድ ሥራ ተቆርጦ ይሆናል። የዳታቤዙ ዲስክ ሞልቶ አንድ መስመር እንኳ መጻፍ አቅቶት ይሆናል። የአንድ ሰርተፊኬት ጊዜ አልፎበት ሰርቨሮቹ እርስ በርስ አንተዋወቅም ብለው ይሆናል። ሌሊት የተጫነ አፕዴት ከአሮጌው ፕሮግራም ጋር አልስማማ ብሎም ይሆናል። የሚጠራው ባለሙያ ይለያያል፤ መፍትሔውም የሚወስደው ጊዜም ይለያያል። «የለም» ይህን ሁሉ አንድ ያደርገዋል። ይህን የምለው ገንዘብ ቆጣሪዋን ለመውቀስ አይደለም፤ ፊት ለፊቷ ያለው ስክሪን ከዚህ የተሻለ አልነገራትም። የሚያሳዝነኝ፣ ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ግሶች በቤታችን ሞልተው ሳለ «የለም» ላይ መቅረታችን ነው። ጠበቀ፣ ጠገነ፣ ተካ የምንላቸው ግሶች ከኮምፒውተር በፊት ነበሩ፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥም ሥራውን የሚሠራ ሰው አለ።

በ«ሲስተም» እንጀምር። ሥሩ ግሪክ ነው፤ ሱስቴማ። «ሱን» አብሮ ማለት ነው፣ «ሂስቴሚ» ደግሞ ማቆም። ሲጋጠሙ አብሮ የቆመ፣ ተደጋግፎ የቆመ ይሆናሉ። የእኛው «ሥርዓት» በሌላ መንገድ የመጣ ነው። ሠርዐ ከሚለው የግዕዝ ግስ ወጥቶ መደንገግን፣ በተራ በተራ ማሰናዳትን ይናገራል፤ ስለዚህም ሥርዓተ ቅዳሴ እንላለን፣ ሥርዓተ መንግሥት እንላለን። ሥርዓት ደንጋጊ አለው። ሱስቴማ ግን ክፍሎቹ ሲደጋገፉ ብቻ የሚኖር ነው። «የኮምፒውተር ሥርዓት» የሚለው ትርጉም በመማሪያ መጽሐፍ እየተጻፈ በሰው አፍ ሳይለመድ የቀረው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

መቆምን ካነሣን አማርኛ ራሱ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ቆመ» ስንል ተተከለ፣ ጸና ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ ቋሚ፣ ተቋም፣ አቋም የሚሉት ሁሉ ከዚህ ናቸው። ተቋረጠ፣ አልሄድ አለ ማለታችንም ሊሆን ይችላል፤ መኪናው ቆመ፣ ደመወዝ ቆመ እንደምንለው። «አዲሱ ሰርቨር ትናንት ማታ ቆመ» የሚል መልእክት የደረሰው ኃላፊ ደስ ይበለው ወይስ ይደንግጥ፣ ከቃሉ ብቻ አያውቅም።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በስልክ ተዳረሰ፤ ከዚያም ዩኒቨርሲቲዎቹ ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ የተፈጠረው በጥገናና በፍተሻ ሥራ ወቅት መሆኑን ገለጸ። ያን ሌሊት «ሲስተም የለም» ማለት አይቻልም ነበር። ማሽኑ ነበረ፣ ይከፍልም ነበር። የጎደለው «ሱን» የሚለው ነው፤ ከፋዩና ቀሪ ሒሳብ አረጋጋጩ አብረው አልቆሙም። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ዝም ካለ ማሽን ይልቅ እየሠራ የሚሳሳተውን አብልጠው የሚፈሩት ለዚህ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ማን ያያል? «ሞኒተር» ይባላል መልሱ። ይህ ቃል ለአብዛኞቻችን መጀመሪያ የክፍል ሞኒተር ነበር፤ መምህሩ ሲወጣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ረባሾች» ብሎ ጽፎ ከሥሩ ስም የሚደረድረው ልጅ። በኋላ የኮምፒውተሩ ስክሪን መጠሪያ ሆነ። ሁለቱ ላቲን ላይ ይገናኛሉ። «ሞኔሬ» ማስታወስ፣ መምከር፣ ማስጠንቀቅ ነው፤ «ሞኒቶር» አስጠንቃቂ። ሮማውያን ዩኖ የምትባለውን አምላካቸውን «ሞኔታ» ብለው ሲጠሯት ብዙዎች ስሙን ከዚሁ ግስ ጋር አያይዘው አስጠንቃቂዋ ብለው ፈቱት፤ ገንዘብ የሚመታበት ቤት በመቅደሷ አጠገብ ስለነበረም የእንግሊዝኛው «መኒ» ከስሟ ወረደ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በ1862 እ.ኤ.አ.፣ መሐንዲሱ ጆን ኤሪክሰን የብረት መርከቡን «ሞኒተር» ያለው ለደቡቦቹ መሪዎች ማስጠንቀቂያ እንድትሆን ብሎ ነው። ቃሉ በየዘመኑ አንድ ነገር ይላል፦ አደጋው ከመድረሱ በፊት የሚናገር።

በመሥሪያ ቤት አማርኛ ግን ሞኒተሪንግ «ክትትል» ተብሏል። ከፕሮጀክት ሪፖርት ጋር አብሮ የገባ ነው፤ «ክትትልና ግምገማ» የሚለውን ጥምር የማያውቅ ቢሮ የለም። ቃሉ ራሱ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ይጎድለዋል እላለሁ። ተከተለ ማለት ከኋላ ሄደ ማለት ነው። ክትትል ሩብ ዓመቱ ካለፈ በኋላ የሆነውን ይዘግባል። ዲስክ ሊሞላ አራት ሰዓት ሲቀረው የሚናገር ሰው ግን ፊት ፊት የሚሄድ ነው። ፕሮሜቴዎስ የተባለው የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም በ2012 እ.ኤ.አ. በሳውንድክላውድ ኩባንያ ሲጀመር የተሰጠው ስም ይህንኑ ያስታውሰኛል፤ ግሪኮች ስሙን «ቀድሞ የሚያስብ» ብለው ይፈቱታል። ኤፒሜቴዎስ የሚባል ወንድም ነበረው፤ እርሱ ነገሩ ካለፈ በኋላ የሚያስብ ነው።

ለእኔ የተሻለው ቃል «ማስጠንቀቂያ» ነው። ከግዕዙ ጠንቀቀ የመጣ ነው፤ ጠንቀቀ ደግሞ መጠንቀቅ ብቻ አይደለም፣ ነገርን በትክክል ማወቅ፣ አጥርቶ መፈጸምም ነው። ጥንቁቅ ሰው ማለት ፈሪ ማለት አይደለም፤ የሚያደርገውን ልቅም አድርጎ የሚያውቅ ነው። በዚህ መሠረት በደንብ ያልታወቀን ነገር እየጮኹ መናገር ማስጠንቀቂያ አይባልም። ጣልያኖችም ሁለቱን ለይተዋቸው ነበር። «አላርም» የመጣው «አል አርሜ» ከሚለው ነው፣ ወደ ጦር መሣሪያ! «አለርት» ደግሞ «አል ኤርታ» ከሚለው፣ ወደ ከፍታው! አንዱ ተዋጋ ይላል፣ ሌላው ወጥተህ እይ ይላል። ዛሬ ሲስተሙን በሚጠብቀው ተረኛ ስልክ ላይ ሁለቱ ተደባልቀው ይመጣሉ። ዲስክ ሰማንያ በመቶ ሞላ፤ ይጮኻል። አንድ ገጽ ለሁለት ሰከንድ ዘገየ፤ ይጮኻል። ሌሊቱን ሙሉ ምንም የማይደረግለት ነገር ሲጮኽበት ያደረ ሰው ከሳምንት በኋላ ድምፁን ያጠፋዋል፤ እውነተኛው ሲመጣም አይሰማውም።

ስለዚህ ሲስተሞችን በሚጠብቁ ሰዎች ሙያ የታወቀ ደንብ አለ፤ ሰውን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ መልእክት ያ ሰው አሁኑኑ በእጁ የሚሠራው ነገር ሊኖረው ይገባል፤ ከሌለው ጠዋት ይነበብ። ጎግል የዚህን ሙያ ልምዱን በ2016 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ሲያወጣ፣ ሌላ ምንም መለካት ባይቻል አራት ነገሮች ይለኩ ብሎ ነበር፦ ምላሽ ለመስጠት የሚወስደው ጊዜ፣ የሚመጣው ጥያቄ ብዛት፣ የሚከሽፈው ጥያቄ ብዛት፣ አቅሙ ምን ያህል እንደሞላ። እነዚህ አራቱ ተጠቃሚው የሚሰማውን የሚናገሩ ናቸው። የማሽኑ ሙቀት ደንበኛውን አያገባውም፤ ገንዘቡ ደረሰ ወይስ አልደረሰም የሚለው ግን ያገባዋል።

መለካት ከመቁጠር ይጀምራል፤ «ቁጥጥር» የሚለውም ከቆጠረ ነው። እንግሊዞቹ «ኮንትሮል» የሚሉት ከላቲን «ኮንትራ ሮቱሉስ» መጣ፤ የመጀመሪያውን መዝገብ ማመሳከሪያ ሁለተኛ መዝገብ ማለት ነው። በአማርኛ የቁጥጥር መነሻው ቆጠራ ነው፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ መዝገብን ማመሳከር።

አሁን ወደምወደው ግስ፣ ወደ ጠበቀ፣ ልምጣ። «እጠብቅሃለሁ» ብል እስክትመጣ እቆያለሁ ማለቴ ይሁን ከክፉ እከላከልሃለሁ ማለቴ ከአነጋገሩ ካልሆነ አይለይም። አማርኛ መቆየትንና መከላከልን በአንድ ግስ ይዟቸዋል። ጠባቂ የሚኖረው ምንም ሳይሆን በሚያልፍባቸው ሰዓታት ውስጥ ነው፤ አብዛኛው ሥራው መቆየት ነው። ከዚሁ «ጠበቃ» ወጣ፤ ስለ ሌላው የሚቆም። ግዕዝ ለዚሁ ዐቀበ ይላል፤ ዐቃቤ ሕግ የምንለው ሕጉን የሚጠብቅ ማለት ነው። በሰሎሞናውያን ነገሥታት ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለቃ «ዐቃቤ ሰዓት» የሚል ማዕረግ ይይዝ ነበር፤ ሰዓት ጠባቂ። ማዕረጉ የቤተ መንግሥትና የቤተ ክህነት ሥልጣን ነበረና ከማሽን ጋር አይገናኝም። ግን አንድ አገልግሎት በዓመት ስንት ሰዓት ሳይቋረጥ እንደሠራ የሚቆጥርና ለዚያ የሚጠየቅ ሰው ስም ቢያስፈልገው ከዚህ የሚያምር አላገኘሁም።

ሰዓቱ የሚቆጠረው በዘጠኞች ነው። 99.9 በመቶ እንሠራለን ያለ አገልግሎት በዓመት ወደ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ የመጥፋት ፈቃድ ለራሱ ሰጥቷል። አንድ ዘጠኝ ሲጨመር ፈቃዱ ወደ 52 ደቂቃ ይወርዳል፤ አንድ ሲደገም ወደ 5 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ። አሁን ተረኛውን እናስብ። ስልኩ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይጮኻል። ይነሳል፣ መብራት ያበራል፣ ላፕቶፑን ይከፍታል፣ የይለፍ ቃሉን ያስገባል፣ ወደ ስልኩ የሚላከውን ኮድ ይጠብቃል። የዓመቱ አምስት ደቂቃ እዚህ ላይ አለቀ፤ ገና ምን እንደተበላሸ አላየም። ሦስት ዘጠኝ በጥሩ ተረኛ ይደረስበታል። አምስት ዘጠኝ ግን ሰው ሳይነሳ አንዱ ማሽን ሌላውን ካልተካ አይሆንም። በጨረታ ሰነድ ላይ ዘጠኞችን እንደ ጌጥ የሚደረድሩ ሰዎች ይህን ሒሳብ አንድ ጊዜ ቢሠሩት ደስ ይለኛል።

ተረኛው ላፕቶፑን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያየው «ሎግ» ነው። ቃሉ ግንድ ማለት ነው። የጥንት መርከበኞች ቋጠሮ ባለው ገመድ ያሰሩትን እንጨት ባሕር ላይ ጥለው፣ ገመዱ ሲተረተር ቋጠሮውን በመቁጠር ፍጥነታቸውን ይለኩ ነበር፤ ልኩ የሚጻፍበት ደብተር የእንጨቱን ስም ወረሰ። የእኛው «መዝገብ» ከፍ ያለ ትውልድ አለው። በግዕዝ ዘገበ አከማቸ፣ ሀብት ሰበሰበ ነው፤ መዝገብ ደግሞ የሀብት ማከማቻ፣ ሀብቱም ራሱ። በግዕዙ ወንጌል ልብህ ያለበት ሀብት መዝገብ ተብሎ ነው የተጻፈው። ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደስታ ተክለ ወልድ ሥራዎቻቸውን መዝገበ ቃላት ሲሉ የቃላት ግምጃ ቤት ማለታቸው ነበር። ዲስክ ሞላ ተብሎ ሎግ ሳይታይ ሲደመሰስ የሚቆጨኝ ይህን ስለማውቅ ነው። የብልሽቱ ታሪክ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

«ጥገና» ሰውነት ላይ ተጀምሮ ወደ ዕቃ የተሻገረ ቃል ነው። ጠገነ ማለት የተሰበረ አጥንት አቅንቶ አሰረ ማለት ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በትንቢተ ሕዝቅኤል 34ኛ ምዕራፍ፣ እረኛው የተሰበረችውን በግ የሚረዳበት ግስ ይኸው ነው። ወጌሻ ሲጠግን ላየ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። መጀመሪያ በጣቱ እየዳበሰ ስብራቱን ያገኛል። አጥንቱን ስቦ ያገጣጥማል። ከዚያ በቀርከሃ ስንጥር ከብቦ በጨርቅ ያስራል። ሥራው ግን እዚህ አያልቅም፤ በየጥቂት ቀኑ ተመልሶ ያያል። ማሰሪያው ከጠበቀ ደም አልፎ አይሄድም፣ እጅ ወይም እግር እስከመቆረጥ ያደርሳል፤ ከላላ ደግሞ አጥንቱ ተጣሞ ይገጥማል። ዛሬ ጥገና ስንል ተበላሸ፣ ተጠራ፣ ሠራ፣ ሄደ ማለት ሆኗል። ተመልሶ ማየቱ ከትርጉሙ ወድቋል። የእንግሊዞቹ «ሜንቴናንስ» ግን ይህን ይዟል፤ ከላቲን «ማኑ ቴኔሬ» የወጣ ነው፣ በእጅ ያዘ፤ አለመልቀቅ ነው።

በእጅ ስለመያዝ ካነሣን «አስተማማኝ» የሚለው ቃል ይከተላል። ሥሩ አምነ ነው፤ እምነት፣ ታማኝ፣ እማኝ፣ አሜን ሁሉ ከዚህ ናቸው፤ ከዐረብኛ የገባው «አማና» የዚሁ ሥር ነው። ተማመነ ማለት ተደገፈ ነው፣ «በአንተ ተማምኜ ነው የመጣሁት» እንደሚባለው፤ አስተማማኝ ደግሞ ሰውን እንዲደገፍ የሚያደርግ። የዕብራይስጡ «ኤሙና» ዛሬ እምነት ቢሆንም፣ በኦሪት ዘጸአት 17ኛው ምዕራፍ የሚገለጽበት ነገር የሰው እጅ ነው። ሙሴ እጁን ሲያነሣ እስራኤል ዐማሌቅን ያሸንፋሉ፤ ሲደክመውና ሲያወርድ ይሸነፋሉ። ስለዚህ ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፤ አሮን በአንድ በኩል፣ ሆር በሌላ በኩል ሆነው እጆቹን ደገፉ። የዕብራይስጡ ጽሑፍ ፀሐይ እስክትገባ ድረስ እጆቹ ኤሙና ሆኑ ይላል፤ ጸኑ፣ አልተናወጡም። የሙሴ እጅ በራሱ ጽኑ አልነበረም። ጽናቱ የመጣው ከድንጋዩና ከሁለቱ ሰዎች ነው፤ የሥራውም ሰዓት ተለክቷል። አስተማማኝ ሰርቨር የሚባል ዕቃ ከሱቅ ይገዛል ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህን ምዕራፍ እጠቁመዋለሁ።

የመጨረሻው ግስ ተካ ነው። ስልካችሁን በአማርኛ ብታደርጉት ባክአፕ የሚለው «ምትኬ» ተብሎ ይመጣል። ተርጓሚዎቹ ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ ግን በዚህ ቃል አመሰግናቸዋለሁ። ምትኬ የሰው ስም ነው። ተካ፣ ተካልኝ፣ ምትኩ፣ ምትኬ በአገራችን የሚወጡት ብዙ ጊዜ ከሞት በኋላ ነው፤ ልጅ የሞተባት እናት ቀጥሎ የወለደችውን «የእኔ ምትክ» ትለዋለች። በስሙ ውስጥ የጠፋው ልጅም አለ። «ባክአፕ» ይህ የለበትም፤ ከኋላ የሚደግፍ ማለት ብቻ ነው። ምትኬ የሚለው ቃል ግን መጥፋትን ከመጀመሪያው አምኖ የተቀበለ ነው። የሚጠፋ ነገር እንዳለ የሚያምን ሰው ነው ምትክ የሚያዘጋጀው።

ግን ምትኬ አለ ማለትና ምትኬ ተካ ማለት አንድ አይደሉም። ጊትላብ የፕሮግራመሮች ሥራ የሚቀመጥበት ድርጅት ነው። በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ምሽት አንድ መሐንዲስ ዳታቤዛቸው በሌላ ማሽን ላይ ካለው ቅጂው ጋር አልመሳሰል ብሎት ሲታገል አምሽቶ፣ የቅጂውን ማኅደር ሰርዞ እንደገና ለመጀመር ወሰነ። ትእዛዙን የሰጠው ግን በቅጂው ላይ ሳይሆን በዋናው ማሽን ላይ ነበር። በሰከንዶች ውስጥ ነቅቶ አቆመው፤ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ያህል ነበር። ምትኬ ፍለጋ ተሄደ። በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ቅጂ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ቅጂ የሚያወጣው ፕሮግራም እትም 9.2፣ የዳታቤዙ ግን 9.6 ስለነበረ ፕሮግራሙ በየቀኑ እየከሸፈ ኖሯል። መክሸፉን የሚናገር ኢሜይል ይላክ ነበር። ኢሜይሉ ግን የላኪ ማረጋገጫ ፊርማ ስላልነበረው ተቀባዩ ሰርቨር ሲመልሰው ቆይቷል። ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ለሰው አልደረሰም። ያዳናቸው ያው መሐንዲስ ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ ብሎ በእጁ ያነሣው ቅጂ ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ዳታቤዙ የገባው ሁሉ ጠፋ፤ ወደ 5,000 ፕሮጀክት፣ ወደ 5,000 አስተያየት፣ ወደ 700 አዲስ ተጠቃሚ።

ምትኬ ከሚለው አጠገብ በስልኩ ላይ ሌላ ትእዛዝ አለ፦ «እነበረበት መልስ»። ሰዋስዉ ቢያከራክርም ሐሳቡ ሙሉ ነው። እነበረበት ለመመለስ የነበረበት ቦታ መታወቅ አለበት፤ ያንን የሚያውቀው መዝገብ ነው። መመለስ መቻሉ ደግሞ የሚታወቀው ተመልሶ ሲታይ ብቻ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ምትኬ አላችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስረዳም፤ ሁሉም አለን ይላል። የሚያስረዳው መጨረሻ እነበረበት የመለሳችሁት መቼ ነው፣ ማንስ መለሰው ብሎ መጠየቅ ነው።

ጊትላብ የሆነውን ሁሉ ሳይደብቅ በይፋ አወጣ፤ የማዳኑንም ሥራ በቀጥታ ሥርጭት ለሕዝብ አሳየ። እንሠራቸዋለን ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል ሦስቱን ልጥቀስ። የእያንዳንዱ ማሽን የትእዛዝ መስጫ መስመር በየትኛው ማሽን ላይ እንዳለህ በግልጽ እንዲናገር ማድረግ። ምትኬው በራሱ ጊዜ እነበረበት እየተመለሰ እንዲፈተን ማድረግ። ሦስተኛው፣ ለመረጃው ዘላቂነት ባለቤት መመደብ።